ቡፌ ውስጥ የከተመችው ግመል

የቤቱን ደህና ዕቃ ሁሉ ቡፌ ውስጥ ቆልፎ "ለእንግዳ ነው" የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱና አቶ ሰይድን እዩልኝ።

በየቅዳሜው ከደሴ እየወረድኩ ለሰፈራቸው ልጆች ቅርጻ ቅርጽ አስተምራለሁ። ቢላ ብሎ ነገር የለም፤ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ ብቻ። የአቶ ሰይድ ልጅ ሐያት ግመል ቀረጸች። አባቷ "ማሻአላህ!" ብለው ቡፌው ውስጥ አስቀመጧት። ልጅቱ የልብ ልብ ተሰማትና በግ ጨመረች፤ ከዚያ ባጃጅ፤ ከዚያ የፒያሳን ፎቅ ከነደረጃው። ወር ሳይሞላ የቤቱ ሳሙና በሙሉ ከመስታወት ጀርባ ገባ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ጠሩኝ። የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቆማ ስንገፋ እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ነበርና፣ "እስቲ ሳሙና" አልኩ።

አቶ ሰይድ ቡፌውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ለእንግዳ ብለዋል፤ እንግዳው ደግሞ ይኸው መጣ! ምን ይዋጣቸው? ቁልፉን አዙረው ግመሏን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

"ቢስሚላህ ብለው ከጅራቷ ይጀምሩ። ሻኛዋን ግን አደራ!"

የሐያት ዓይን እንባ ሞላ። ሮጣ ሳሙና የምትቀርጽበትን ማንኪያ አመጣች።

"መምህር፣ በአላህ፣ አይታጠቡ! በዚህ ይብሉ!"

በላሁ። ግመሏም ከነጅራቷ ወደ ቡፌዋ ተመለሰች።

ማዕዱ ሲነሳ አቶ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው "በሉ ዱዓ ያድርጉልን" አሉ። አፌን ከፈትኩ። ከዱዓው በፊት አረፋው ወጣ።