የናይጄሪያ ሰው ፔናሊቲ አያገባም

[ጋና፣ ኩማሲ፣ የቴንኮራንግ ልብስ ስፌት ቤት። ከስፌት መኪናው በላይ አዲስ የሳተላይት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ጋናና ናይጄሪያ አቻ ወጥተው ፔናሊቲ እየተመታ ነው። አጎቱን «ዎፋ» እያለ የሚጠራው የእህቱ ልጅ ባዱ ጭንቅላቱን በሻሽ ጠምጥሟል።]

ቴንኮራንግ፦ አውልቀው እልሃለሁ! በዚህ ሙቀት ሻሽ? አራስ ነህ እንዴ?

ባዱ፦ ጆሮዬን አሞኛል አልኩዎት እኮ ዎፋ። ይልቅ እነ ቡኮላ ቤት ሄደው ለሽምግልና በር የሚያንኳኩልኝ መቼ ነው? የእናቴ ወንድም እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ካልመጡ አባቷ ልጄን አልሰጥም ብለዋል።

ቴንኮራንግ፦ የናይጄሪያ ሴት! ፊልማቸውን አታይም? አማት ትመርዛለች፣ ባል ይሰወራል፣ ክፍል ሁለት ላይ ደግሞ መንፈሱ ይመጣል!

ባዱ፦ ኧረ ቡኮላ ቲማቲም ነው የምትሸጠው!

ቴንኮራንግ፦ ፊልሙም ሲጀምር ቲማቲም ነው የምትሸጠው! ስማ፣ ሕዝብ በኳስ ይታወቃል። ሰፈሩ ሁሉ «ነቢዩ» የሚለኝ በከንቱ መሰለህ? የኛ ሰው የረጋ ነው። የናይጄሪያ ሰው ጉረኛ ስለሆነ ፔናሊቲ አያገባም። ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኛውም ይህንኑ ብሏል።

ባዱ፦ እኔ ከርስዎ የተሻለ ብገምትስ? ያንኳኩልኛል?

ቴንኮራንግ፦ [እየሳቀ] አንተ? ኦፍሳይድ የተጫዋች ስም የሚመስልህ? ሦስት ምት ቀርቷል። ሦስቱንም ካወቅህ ይቺን ልትጠገን የመጣች የናይጄሪያ ማሊያ ለብሼ አንኳኳለሁ! ከሳትህ ግን የቡኮላን ስም እዚህ ቤት አታነሳም።

ባዱ፦ [ላብ እያጠመቀው] እሺ።

ቴንኮራንግ፦ እየው ናይጄሪያዊውን! ጸጉሩን ወርቅ ቀብቶ! ወደ ሰማይ ነው የሚሰዳት።

ባዱ፦ [ሻሹን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ] ቆይ... በግራ ጥግ፣ መሬት ለመሬት፣ ጎል።

[በግራ ጥግ፣ መሬት ለመሬት፣ ጎል ሆነ።]

ቴንኮራንግ፦ ይሄማ... እናቱ ጋናዊት መሆን አለባት! አሁን የኛ ልጅ ነው። የኛ ሰው ሥራው ንጹሕ ነው፣ መረቡን ይበጥሰዋል!

ባዱ፦ ብረቱን ይመታል...

ቴንኮራንግ፦ ምላስህ ይቆረጥ!

ባዱ፦ ...ከዚያ የበረኛውን ጀርባ ነክቶ ይገባል።

[ልክ እንደተባለው ሆነ።]

ቴንኮራንግ፦ ጎል! ጎ... [ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ] ጀርባውን እንዴት አወቅህ?

ባዱ፦ በሕዝብ ጠባይ ነዋ፣ ዎፋ።

ቴንኮራንግ፦ ቆይ ቆይ፣ ገባኝ! እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር። የናይጄሪያ ሰው ብረት ነው! ሌጎስ ታክሲ ሲጋፋ ያደገ ሰው ፔናሊቲ ይስታል? በፍጹም! ያገባል!

ባዱ፦ [ከመቀመጫው ዘሎ] በእግሩ አወጣው! አሸነፍን! እልልል!

ቴንኮራንግ፦ አበድክ? ልጁ ገና እየተንደረደረ ነው!

[ኳሱ ተመታ። በረኛው በእግሩ አወጣው። መንገዱ በጩኸት ተናጋ።]

ቴንኮራንግ፦ አሸነፍን! [ይዘላል] ተሸነፍኩ! [ይቀመጣል] አሸነፍን! [ባዱን አንቆ ያቅፈዋል። ሻሹ ተፈትቶ ትንሽ ሬዲዮ ዱብ ይላል።] ይሄ... የኔ ሬዲዮ አይደለም?

ባዱ፦ ቴሌቪዥኑ የገባ ዕለት «አሮጌ» ብለው የጣሉት ነው። ወሬውን ከሳተላይቱ ቀድሞ ያመጣል።

ቴንኮራንግ፦ አጭበርባሪ! ይሄ የናይጄሪያ ተንኮል ነው! እሷ ናት ያስተማረችህ!

ባዱ፦ ኧረ እርስዎ ነዎት! ያኔ ሰው ቤት ኳስ ሲያዩ ኮፍያዎ ውስጥ ምን ነበር? ባትሪውን የምገዛልዎት እኔ አልነበርኩም? «ነቢዩ» የተባሉት በምን ሆነና!

ቴንኮራንግ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል። እኔም እየቆየ የራሴ እውቀት መሰለኝ እኮ። ቡኮላ ይህን ታውቃለች?

ባዱ፦ በሬዲዮ ላሸንፍዎት እንዳሰብኩ ጠዋት ነገርኳት። አኮረፈችኝ።

ቴንኮራንግ፦ ለምን?

ባዱ፦ «አባቴ ሬዲዮ ሰምቶ የጋና ሰው አጭበርባሪ ነው ሲለኝ፣ ውሸት ነው እያልኩ ስከራከርልህ ነበር» አለችኝ።

ቴንኮራንግ፦ [አረንጓዴውን የናይጄሪያ ማሊያ እያጠለቀ] ተነሣ! አሁኑኑ እንሄዳለን!

ባዱ፦ ሊያንኳኩልኝ ነው ዎፋ?

ቴንኮራንግ፦ አንኳኩቼ ለአባቷ እነግራቸዋለሁ፦ የጋና ሰው እንዲህ አይደለም፣ የኛ ቤተሰብ ብቻ ነው!