ጣሪያቸው የማያፈሰው እሜቴ ቁልፍ

የሚያፈስ ጣሪያ ያለው አከራይ እስከ ዛሬ ከእናቱ ማህፀን አልወጣም። ተከራይ ባልዲ ደቅኖ ያድራል፤ አከራይ ጠዋት መጥቶ «የቤቱ ላብ ነው» ይላል። በዚህ ወገን ላይ ዘውድ የደፉት እሜቴ ቁልፍ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተከራዮቻቸው ሲሆኑ፣ ምክንያቱም ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ቅጭልታ ሁልጊዜ ከራሳቸው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው።

ከሟች ባላቸው ጋር ድንጋይ ተሸክመው በሠሩት ግቢ ሦስት ክፍል ያከራያሉ፤ ለልብስ ሰፊው፣ ሕፃን ልጅ ላላት ነርስና ራዲዮኑን ዘግቶ ለማያውቅ ሾፌር።

ልብስ ሰፊው አንድ ዝናባማ ቀን፣ «እትዬ፣ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጠብ አለብኝ!» ብሎ አቤት ቢል ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ «ካውያህ ነው እንፋሎት የሚተፋው» አሉት። ነርሷ ግድግዳዋ እንዳበጠ ስትነግራቸው፣ «ቤት እንደ ሰው ነው፤ ሲመቸው ይወፍራል!» ሾፌሩ ቧንቧው እየጮኸ እንቅልፍ እንደነሳው ሲያማርር፣ «የአንተን ራዲዮ እየሰማ ነው ዘፈን የለመደው።»

ሐሜት እንዳይሆን ግን፣ የፍሳሽ ቱቦው ሲደፈን ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው እስከ ክርናቸው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ነርሷ ተረኛ ስትሆን ሕፃኑን አዝለው ሦስቱንም ተከራይ በየተራ ይቆጣሉ። ሕፃኑ የሚተኛው በዚያ ቁጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ ፎቅ ቤት የሚኖረው ልጃቸው ግቢውን ለማሸጥ ደላላና ገዢ አስከትሎ መጣ። ገዢው ግቢው ባዶ ሆኖ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ተከራዮቹ ይህን ሲሰሙ በየበራቸው ቆመው ቀሩ።

እሜቴ ቁልፍ ሳል አሉና ገዢውን ያስጎበኙ ጀመር። «አልዋሽህም ልጄ፣ ይሄ ጣሪያ ወንፊት ነው። ይሄ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ነው ያበጠው። ቧንቧውማ ዝጎ አልቋል፤ ምኑን ቧንቧ ይባላል!»

ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ አፉን ከፈተ። ሾፌሩ ራዲዮኑን ዘጋ።

ገዢው ግን ፈገግ አለ። «ግድ የለም እናቴ፣ እኔ የምፈልገው መሬቱን ነው። ቤቱን አፈርሰዋለሁ።»

እሜቴ ቁልፍ ሄደው የውጭውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ይሄን ድንጋይ በትከሻዬ ነው ያመጣሁት። እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አያፈርሰውም! ደህና ዋሉ።»

ደላላው ሊያግባባ ቃጣው፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ገዢውን ቀድሞ ወጣ።

«እማዬ» አለ ልጃቸው ተናዶ፣ «እስከ መቼ ከቧንቧና ከተከራይ ጋር ትታገያለሽ? እኔ ቤት ሊፍት አለ፣ ዕረፍት አለ…»

«እስክሞት! አንተ ቤት ገብቼ ማንን ልቆጣ? ሊፍቱን?»

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ጣሪያው ወንፊት ነው ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።»

እሜቴ ቁልፍ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ወዲያው፣ «ምን ትገተራለህ? መሰላል አምጣ!» ብለው ጮኹ። ምስማር በጥርሳቸው ነክሰው፣ መዶሻ ይዘው መሰላሉ ላይ ወጡ።

«ኧረ እማዬ ውረጂ! ሠራተኛ እንቅጠር!»

«ውረጂ ከምትለኝ መሰላሉን ያዝ!»

ልጅየው ኮቱን አውልቆ የመሰላሉን አንዱን እግር ያዘ፤ ልብስ ሰፊው ሌላውን። ልብስ ሰፊው ለማንም ያልነገረው ነገር አለ። አምና ጣሪያው ኮንክሪት የሆነ ደረቅ ክፍል አግኝቶ ነበር፤ ኪራዩም ከዚህኛው ጋር እኩል ነው። አከራዩ ሩቅ የሚኖር ጨዋ ሰው ሲሆን፣ «ችግር ካለ ደውል» ብሎ ቁልፉን ሲዘረጋለት ልብስ ሰፊው ምን እንደነካው ሳያውቅ «ላስብበት» ብሎ ተመለሰ። ሲገባ እሜቴ ቁልፍ በር ላይ ቆመው፣ «እስካሁን የት ነው የምትዞረው? ምሳህን በላህ?» ብለው ነበር የጮኹበት።

«እትዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ!» አለ አሁን አንጋጦ።

«ገና የራሴን ቤት ልታስተምረኝ ነው?»

ልብስ ሰፊው መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ሳቁን ዋጠ።