እንግዳ አካፋ ሲጨብጥ

እንግዳ በማስተናገድ ማንም አይደርስብንም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እንዲያውም ይኸው ጠባያችን በቅርቡ ጉድ ሊያፈላብን ምን ያህል እንደቀረው ላወጋችሁ ነው። እኛ ቤት የገባ እንግዳ መቀመጥ ግዴታው ነው። ከተቀመጠ መብላት ግዴታው ነው። «ጠገብኩ» ካለ አልጠገበም ማለት ነው፤ «ኧረ በእውነት በቃኝ» ካለ ደግሞ ወጡ አልጣመውም ይሆናል ተብሎ ሌላ ዓይነት ይቀርብለታል። ሳህኑን ላንሳ ብሎ ብድግ ያለ እንግዳማ ወዮለት፤ የቤቱን ሰው ሁሉ የሰደበ ያህል ይጮህበታል። አበው «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት» ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ ብረት የሆነ እንግዳ አላየሁም። አበው ምናልባት እትዬ አስካለን ሳያውቋቸው ቀርተው ይሆናል።

እትዬ አስካለን አስተዋውቃችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ግን የወለሉን ነገር ልንገራችሁ።

የምኖረው ጁባ ነው። ቶንፒንግ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሆቴል ጎን አንዲት የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሱቅ አለችኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ማንጋቴን ሰፈር ካለችው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን አልቀርም። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁለት ክፍል ያላት መዋዕለ ሕፃናት አለች። የከፈተቻትም የምታስተምርባትም ኛማል ናት። ኛማል የዚህ አገር ልጅ ብትሆንም ጋምቤላ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ ስትናደድ ደግሞ በሦስት ቋንቋ ነው የምትናደደው። መዋዕለ ሕፃናቷን የጀመረቻት ከአንድ ዛፍ ሥር በአንድ ሸራና በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። አሁን ግድግዳ አላት፣ ቆርቆሮ አላት፣ አርባ ያህል ሕፃናት አሏት። የሌላት ወለል ብቻ ነው።

ወለል ደግሞ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። የክፍሎቹ ወለል ከግቢው ዝቅ ያለ ባዶ አፈር ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ሊወጣ ነበር። ሕፃናቱ አግዳሚው ላይ ቆመው «ሀ ሁ» ሳይሆን «ኤ ቢ ሲ ዲ» ሲዘምሩ አይቻለሁ፤ ሲዘምሩ ያምራል፣ ሲስሉ ግን አያምርም። መዋዕለ ሕፃናቷ ሁለት ወር ተዘጋች። ዘንድሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶችን የምትቆጣጠር አንዲት ወይዘሮ መጥታ አየችና፣ በትሕትና፣ ግን ፈገግ ሳትል፣ ወለሉ ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ካልተሠራ ፈቃዱን ማደስ እንደማትችል ተናገረች። ቀን ቆረጠች። ሰኞ።

ፍርዷ ትክክል ነው። ለኛማል ግን ያ ሰኞ የዚያች መዋዕለ ሕፃናት የመኖር ወይም ያለመኖር ጉዳይ ነበር። አንዴ ከተዘጋች ልጆቹ በየገበያው ይበተናሉ፤ የተበተነ ልጅ ደግሞ መልሶ አይሰበሰብም።

እንግዲህ አሁን ነው ጉዱ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በግንበኛ የተሞላች ናት። ቶንፒንግ ውስጥ ከምታዩአቸው ሆቴሎች የአብዛኞቹን ወለል ያለሰለሰው እጅ እሑድ እሑድ እኛ ዘንድ ለጸሎት የሚነሳው እጅ ነው። ታዲያ የኛማል ወለል ለምን ሁለት ዓመት ቆየ? የግንባታ ኮሚቴ ስላለን ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ስድቡን ወደ እኔ ብታደርጉት ቅር አይለኝም። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር አንዱ ተነስቶ ይህን ይላል፦ «ይቆይ እንጂ! ከባሕር ማዶ ወንድሞች ሊያገለግሉ ይመጣሉ ተብሏል። እኛ ከሠራነው እነሱ መጥተው ምን ሊሠሩ ነው?» ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። እንግዳ መጥቶ ሥራ ከሚያጣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ቢቆሙ ይሻላል እንደማለት ነው፤ እንዲህ ብለን ግን አንጽፈውም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር ታልፏል» ነው የሚለው።

ለወለሉ መሙያ የተገዛው ገረጋንቲ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ሣር አበቀለ። ሲሚንቶው እርጥበት መትቶት እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆነ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው እሱ ላይ ተቀምጦ ነው። ሲሚንቶውን የሸጡልን ሐጂ ኑሪ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ አንድ ቀን ለጉዳይ መጥተው ያንን መቀመጫ ሲያዩ፣ «ጸሎታችሁስ ረጅም ነው፤ አካፋችሁ ነው ያጠረው» ብለው አንገታቸውን እየወዘወዙ ሄዱ። ኛማል ግን እንደሳቸው አልቀለደችም።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ዝናቡ እኮ ኮሚቴ የለውም።»

እንግዶቹ ቀኑ ሊደርስ ሲል ቅዳሜ ዕለት ከተፍ አሉ፤ ያች ሰኞ ልትደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ማለቴ ነው። ሰባት ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰዋል፣ ደረቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ልናገለግል መጣን» ይላል። መሪያቸው ዋልተር የሚባሉ የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ጥቂት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ገና ከመኪና እንደወረዱ ያቺን ክምር ገረጋንቲ አዩና «ሥራው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ አስካለ ደረሱ። እትዬ አስካለ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መንግሥት ነው። «ሥራ? ምን ሥራ? ከስንት አገር መጥተው፣ እግራቸው አብጦ!» አሉና ሰባቱንም በየወንበሩ ተከሉአቸው። ቅዳሜ ዶሮ ወጥ ሆነ። እሑድ በመዝሙርና በስጦታ አለፈ። ሰኞ ከነጭ አባይ የወጣ ትልልቅ ዓሣ ተጠብሶ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም ተደረገ። ማክሰኞ፣ ሰኞ ያልነበሩት ምእመናን ቅር እንዳይላቸው፣ ሁለተኛ የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም ተደረገ። «ልናገለግል መጣን» የሚል ካናቴራ የለበሱ ሰባት ሰዎች ሲጎርሱ፣ ሲጎራረሱ፣ ሲመረቁ ሰነበቱ። ዋልተር በየማታው «ሥራ መቼ ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «ነገ» እላቸዋለሁ። ኮሚቴ ውስጥ ስቆይ በደንብ የተማርኳት ቃል እሷ ናት።

ኛማል በየቀኑ በሩ ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ሸሪካት አቅጣጫ፣ ደመናው ጠቆረ። ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ ምሳ ላይ ዋልተር ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ። ማንንም አላስፈቀዱም። ቀጥ ብለው ወደ ክምሩ ሄዱና አካፋውን ጨበጡ።

ጩኸቱን ብትሰሙት! እትዬ አስካለ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጡ። «ኧረ በሞቴ! ኧረ ሰው የለም ወይ! የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ በእንግድነት አገር፣ እኔ በቆምኩበት ግቢ አፈር ሊዝቅ!» እንግዶቹን ሰላም ሊል ብቻ በምሳ ሰዓት ብቅ ያለ ደጉ የሚባል ግንበኛ ነበር፤ ዘሎ አካፋውን ከእጃቸው ነጠቀ። እስኪ በእሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። የነጠቃችሁትን አካፋ ምን ታደርጉታላችሁ? መልሳችሁ መሬት እንዳትጥሉት ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አጠገባችሁ ቆመዋል፤ ከጣላችሁት ያነሱታል። ስለዚህ ደጉ ምርጫ አልነበረውም። ንጹሕ ሸሚዙን እንደለበሰ መዛቅ ጀመረ።

ዋልተር ትንሽ አዩትና ወደ ዶማው ሄዱ። ዶማውንም ሌላ ምእመን ቀማቸው። ከእንግዶቹ አንዲት ወጣት ሴት ጋሪውን ያዘች፤ ሦስት ሰው ተረባረበባትና ጋሪውን ወሰደ። የተቀማ መሣሪያ ሁሉ እንዲያው በይሉኝታ ወደ ሥራ ገባ። ሲመሽ አንደኛው ክፍል በገረጋንቲ ተሞልቶ ነበር። እንግዶቹ በረድፍ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወሬ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ዋልተር ለወለሉ ወደተከመረው ድንጋይ ሲያመሩ እትዬ አስካለ ስልካቸውን አወጡ። «ሽማግሌው ድንጋይ ሊሸከም ነው! እናንተ እዚያ የሰው ሆቴል ትለስናላችሁ! አታፍሩም?» ቶንፒንግ ያሉ ግንበኞቻችን ከአለቆቻቸው ፈቃድ እየጠየቁ በቦዳ ቦዳ ሞተር እየተፈናጠጡ መጡ። በአንድ ቀን ሁለተኛውም ክፍል ተሞልቶ ድንጋዩ ተነጠፈ። ዓርብ ሐጂ ኑሪ ራሳቸው ሲሚንቶ ጭነው መጥተው፣ ዋልተር አንዱን ከረጢት ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ አዩ። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ከረጢቱን እሳቸው ተሸከሙት። የሲሚንቶውንም ዋጋ ማንም እንዲያነሳባቸው አልፈለጉም። በሁለት ዓመት ስብሰባ ያላለቀው ወለል ቅዳሜ ማታ ሊሾ ሆኖ እንደ መስታወት አበራ።

እሑድ ማታ ዝናቡ መጣ። ጁባን የምታውቁ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቅ መንገር አይቻልም። ሰኞ ጠዋት ያቺ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሶ ገባች። ሊሾው ገና በቅጡ ስላልጠና ጣውላ ዘርግተንላት ነበር። ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ነካችው። ደረቅ ነው። ጫማዋን አስቀምጣ በሌላው እጇም ነካችው። «ከዌስ፣» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ ወረቀቱንም እዚያው ቆማ ፈረመች። ኛማል ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አጣብቃ በሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ያ ለሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት የሲሚንቶ ድንጋይ ከሥሬ ሳይሆን ከደረቴ የተነሳ መሰለኝ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ማክሰኞ እንግዶቹን አየር ማረፊያ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ ዋልተርን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ከስንት አገር መጥታችሁ ሥራ አላስነካናችሁም፤ ይህን ያህል ወጪ፣ ይህን ያህል ድካም...» እያልኩ ስዘባርቅ ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል አውጥተው ሰጡኝ። ሰባት ጥንድ የሥራ ጓንት ነው፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም።

«አርባ ዓመት አናጢ ነበርኩ፣» አሉኝ። «ያለ ጓንት ሥራ ጀምሬ አላውቅም።»

ትዝ አለኝ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ አካፋውን፣ ድንጋዩን፣ ከረጢቱን ሁሉ የጨበጡት በባዶ እጃቸው ነበር።

«ረቡዕ ዕለት በእውነት ልሠራ ነበር፤ ጓንቱን ቸኩዬ ረሳሁት፤» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። «ከሐሙስ ወዲህ ግን የማነሳው እስክትቀሙኝ ነው። አንድ ቀን ለመቀማት ዘግይታችሁ ወገቤን ልትሰብሩት ነበር።»

ይህን ለኛማል ብቻ ነው የነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር መሰለኝ። ጓንቶቹን እትዬ አስካለ ወሰዷቸው፤ ትኩስ ድስት ያወርዱባቸዋል። ኮሚቴው የሚቀጥለውን እሑድ ተሰበሰበና ስለ ግቢው አጥር ተወያየ። እንጨቱ ተገዝቶ ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል። ረጅም ውይይት ተደረገ። እንደ ልማዴ «በይደር ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ አንድ ሰባኪ ለአገልግሎት መጣልን። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ሰው ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ኛማል ቀስ ብላ አጠገቤ መጣችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እንግዳው ዶማ ይይዛል?»

ዛሬ ማክሰኞ ነው። የአጥሩ ቋሚ ግማሹ ተተክሏል። ሰባኪው እስካሁን ጉድጓድ አልቆፈረም፤ ዶማውን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የነካው።