ከአንጋሬብ ሥር ያየኋት ጃፓን

ጃፓን አገር ለመማር አመለከትሁ። ተቀበሉኝ። አልሄድሁም።

ነገሩ ይኸው ነው። ቸኩለህ ከሆነ እዚህ ላይ ብታቆም ቅር አይለኝም። ካልቸኮልህ ተቀመጥ፤ ብቻ ስሜን አትጠይቀኝ። ስም የሚጠይቅ ሰው አልወድም። በዚያ ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ስምህን የሚጠይቅህ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ የፖሊስ ወዳጅ ነው። ለጊዜው ጌታሁን በለኝ። ለጃፓኑም የሰጠሁት ስም ይኸው ነው።

ዘመኑ የድርቁ ዘመን ነው፤ ሰባ ሰባት። ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴን እንኳ ሳላይ በመተማ በኩል ወጣሁ። ለምን ወጣህ ትለኝ ይሆናል። ሁሉ ሰው በሚወጣበት ጊዜ ምክንያት የሚጠየቀው የቀረው ነው። ቁረይሻ ሰሊጥ አጨድሁ። መፋዛ ማሽላ ቆረጥሁ። ኋላ ገዳሪፍ ከተማ ገባሁ። ከተማ ለመቀመጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔ ፈቃድ የለኝም። ፈቃድ የሌለውን ፖሊስ ድንገት ሰፈር ከቦ ይለቅመውና በጭነት መኪና ወደ ካምፕ ይወስደዋል። ይህን ሱዳኖች ከሻ ይሉታል። ከሻ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሐበሻ ገዳሪፍ ውስጥ አልነበረም። እንጀራ የሚለውን ግን እየረሳነው ነበር።

ስለዚህ አንድ ሕግ ነበረን። ማንም አላወጀውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የማታውቀው ሰው መጥቶ «እገሌ አለ?» ካለህ መልሱ አንድ ነው፤ «ሄዷል»። የት ሄደ? የሰሊጥ ወቅት ከሆነ ቁረይሻ፣ የማሽላ ከሆነ መፋዛ፣ የሸንኮራ ከሆነ ኒው ሀልፋ። እገሌ አጠገብህ ተቀምጦ ፉል እየበላ ሊሆን ይችላል። እሱም ቀና ብሎ «አዎ፣ ሲሄድ አይቼዋለሁ» ይላል። ሙላው የሚባል አብሮኝ የሚያድር የአርማጭሆ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ፖሊስ ራሱን ሙላውን ስለ ሙላው ጠየቀው። «ሄዷል» አለ። አለና አላቆመም፤ «ምን ዓይነት መልካም ልጅ ነበር መሰለህ!» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ጃፓኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር። አቀንጭራ ያጠናሉ፤ ያ የማሽላውን ሥር የሚጠባ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ አረም። ሰው በረሃብ በሚረግፍበት ዓመት፣ ለአረም ብሎ ከጃፓን ድረስ የሚመጣ ሰው አለ? መጀመሪያ የጠረጠርነው ይህን ነው።

ወሬውን ያመጡልኝ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። የጎንደር ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ሱቅ አላቸው፣ ለጣቢያው ዘይትና ስኳር ያቀርባሉ። ዐረብኛቸው ከሱዳኖቹ ይበልጣል ይባላል። «አንተ የተማርህ ልጅ» አሉኝ፤ «እኒያ ጃፓኖች ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ከእነሱ አንድ ተማሪ እዚህ ይመጣል፣ ከዚህ አንድ ተማሪ እዚያ ይሄዳል። አሥራ ሁለት የጨረሰ ስደተኛም ይሁን ብለዋል። ተባዱል ይሉታል። ልውውጥ መሆኑ ነው።»

ሄድሁ፤ አመለከትሁ። የጠየቀኝ አንድ ቀጭን ጃፓናዊ ነው። ለምን ጃፓን መሄድ ፈለግህ አለኝ በእንግሊዝኛ። አቀንጭራ ለመማር አልሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ ለመብላት ነው። ስለ አቀንጭራ ምን ታውቃለህ አለኝ። አንዲትም ነገር አላውቅም። ግን ዝም አይባል ነገር፤ «መሬት ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንተ ጠፍቷል ብለህ ስትዘራ ይነሣል። ሥርህን ይዞ ይመጥጥሃል፤ ላይህ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጥህ ያልቃል» አልሁት። እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ። በጣም ጥሩ፣ በጣም ትክክል አለ። እኔ የነገርሁት ስለ ቀበሌያችን ካድሬ ነበር።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስገባ የምሥራች ይዤ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ቤቱ የእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ነው። መንገድ ዳር ሻይ ያፈላሉ፤ እኔና ሙላው ግቢያቸው ውስጥ ባለችው ጎጆ ተጠግተናል። ሐጂ ኢድሪስም ሻያቸውን ከእሳቸው በቀር ከማንም አይጠጡም። ነገሩን ተናገርሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ የሻዩን ጣሳ አስቀመጡ። «ምን አልኸኝ? ልውውጥ?»

«ልውውጥ።»

«ልውውጥማ አውቀዋለሁ። ምርኮኛ ነው እሚለዋወጡ።»

ያን ጊዜ እንዲህ ይወራ ነበር፤ የሱዳን መንግሥትና ደርግ በጋላባትና በመተማ መካከል ባለችው ድልድይ ላይ ሰው ይለዋወጣሉ፣ ከወዲህ አንድ ሲሻገር ከወዲያ አንድ ይሻገራል እየተባለ። አየሁ ያለ አንድም ሰው አላገኘሁም። አላምንም ያለም አላገኘሁም።

«የተማሪ ነው እንጂ እትዬ» አሉ ሐጂ ኢድሪስ። «ተባዱል ማለት በአማርኛ ልውውጥ ነው። ሌላ ምን ልበለው?»

«ያው ነዋ! ተማሪ አይደለም እንዴ ደርግ እሚፈልገው?»

ሙላው ደግሞ በሌላ በኩል ጀመረኝ። «እና አንተን ሰጥተን ማንን ልንቀበል ነው? ጃፓን በአንተ ፈንታ አንድ ሞተር ሳይክል ብትሰጥ እንኳ ተታላለች።»

«ለመሆኑ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ሰውዬው ስሙ ማነው?»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ስሙን ነግሮኛል፤ እኔም ደብቄ ይዤው ነበር። ምን ላድርግ፣ ተናገርሁ። «አቤ» አልሁ።



«አቤ? የአበበ ቁልምጫ?» አለ ሙላው።

«አቤ ብቻ።»

«ጃፓን ሆኖ አቤ! ይሄ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው።»

መልኩ ግን ጃፓን ነው ብዬ ተከራከርሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በሐዘን አዩኝ። «ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ስንቱን አሠልጣኝ አምጥቶ የለም? አንዱን ወዲህ ላኩት። ስም አውጡለት ሲባሉ አቤ አሉት። ሌላ ማሰብ እንኳ አልቻሉም፣ ሰነፎች!»

ሐጂ ኢድሪስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ትንሽ አሰቡና ሻያቸውን ጠጡ። እሳቸውም ከጠረጠሩ ብዬ እኔ ፈራሁ። አሁን ሳስበው ሰውዬው በደንብ ነበር ያዳመጠኝ። በዚያ ዓመት ማን ነው ሰው የሚያዳምጠው? እህል አዳዩም አያዳምጥም፣ ፖሊሱም አያዳምጥም። ካዳመጠህ የሚፈልግብህ ነገር አለ ማለት ነው።

እንዲህ ስንጠረጥር ሰነበትን። አንድ ጠዋት ከበሩ ላይ መኪና ቆመ።

መኪና ማለት ከሻ ነው። ሙላው በአጥሩ ዘለለ። እኔ የቀረበኝ የእትዬ ጥሩወርቅ አንጋሬብ ነው፤ ያ በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ። ሥሩ ገባሁ። እሳቸው ከላይ ቁጭ አሉበት፣ ቀሚሳቸውን ዘረጉት፣ ዝንጅብላቸውን መቀጥቀጥ ቀጠሉ። የለመድነው ሥራ ነው።

«ጌታሁን ፊ?» አለ አንድ ድምፅ። ጌታሁን አለ ወይ ማለቱ ነው፤ ዐረብኛው ከእኛም የባሰ ነው። አቤ ነበር።

«ጌታሁን ማፊ!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሄዷል! በእመቤቴ በማርያም ሄዷል!» እንዳይጠራጠር ብለው «ወላሂ!» ጨመሩበት።

አሁን የማየውን ልንገርህ። ከአንጋሬብ ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው። የአቤ እግር በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለና ጫማውን አወለቀ። ጫማውን! አፈር የሆነች የስደተኛ ጎጆ ለመግባት ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጣቸው። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ተጥፏል።

ወዳጄ፣ እኔ ፖሊስ ቤት ሲገባ አይቻለሁ። ካድሬም ሲገባ አይቻለሁ። ጫማውን ያወለቀ አላየሁም። በዚያች ቅጽበት ጥርጣሬዬ ሁሉ በኖ ጠፋ። ይህ ሰው ጃፓናዊ ነው። ዩኒቨርሲቲውም አለ።

«ጌታሁን መብሩክ» አለ አቤ። እንኳን ደስ አለህ በሉት ማለቱ ነው። «ጃፓን። ጣያራ።» በእጁ አውሮፕላን ሳይሠራ አልቀረም፤ ጥላው መሬቱ ላይ አለፈ።

ታዲያ ለምን አልወጣህም ትለኛለህ። እስቲ አንተ ብትሆን ትወጣለህ? እኒህ ሴት ያለ ዘመድ ጎጆ የሰጡኝ ናቸው። በእመቤቴ ምለዋል። ወላሂም ብለዋል። ጫማውን አውልቆ የገባ እንግዳ ፊት፣ ከቀሚሳቸው ሥር ብቅ ብዬ «አቤት፣ አለሁ» ልበል? እሳቸውስ የት ይግቡ? ደርግን ፈርቼ ቢሆን ኖሮ እወጣ ነበር። የያዘኝ ይሉኝታ ነው። ትንሽ ስንቀሳቀስ ደግሞ ተረከዛቸው ጎኔን ይለኛል።

እንግዳ ነውና ሻይ ቀዱለት። አሁን ይሄዳል ስል ጠጣ። ደገሙት። እንደገና ጠጣ። ጌታሁን ወዴት ሄደ አለ። ወቅቱ የሰሊጥ ነው፤ ቁረይሻ አሉት። ተነሣ፤ ሊሰናበት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እትዬ ጥሩወርቅ የጎንደር ሴት ናቸው፤ እጅ ተነሥተው ዝም አይሉም፣ ተነሥተው እጅ ነሡ። እሱ ደገመ። እሳቸውም ደገሙ። እሱ ከእሳቸው ዝቅ አለ፤ እሳቸው ከእሱ ዝቅ አሉ። በመጨረሻ በጣም ሲወርድ ፊቱ አንጋሬቡ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

አየኝ? አላየኝም? እስካሁን አላውቅም። እኔ ግን ዓይኑን አይቻለሁ። ቀና አለ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ሄደ። ካየኝ ለምን ቁረይሻ ድረስ ለፋ? ይሉኝታ በእነሱም አገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዳንድ ቀን ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው።

«ውጣ፣ ሄዷል» አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ።

«እትዬ፣ እኮ መብሩክ ነው ያለው!»

«መብሩክ ያለ ሁሉ ወዳጅ ነው? ዝም በል፣ አተረፍሁህ።»

በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ገሠገሥሁ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የእኛው አገር ሰው ነው፣ የጭልጋ። «አቤ አለ?» አልሁት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሄዷል» አለ።

«የት?»

«ቁረይሻ።»

ሳቄ መጣ። እኔን ነው በዚህ ቋንቋ? ሄዷል ማለት አለ ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «ገብቶኛል ወንድሜ፣ ውስጥ ነው» ብዬ ጠቀስሁትና አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። «ሰውዬ፣ የእውነት ሄዷል እኮ!» አለ። «አዎ፣ አዎ» አልሁት። ምሎ ተገዘተ፤ እኔም እንዲህ ነው የሚማለው ብዬ አደነቅሁት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በከሻ አስፈራርቶ አባረረኝ። በነጋታውም ሄጄ ተቀመጥሁ። በሦስተኛውም። እንዲህ ታማኝ ዘበኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። አደም የሚባል ሱዳናዊ የጣቢያው ሾፌር ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ለእትዬ ጥሩወርቅ አወራላቸው። አቤን ይዞ ቁረይሻ ወረደ። እዚያ ያሉትን የጎንደር አጫጆች ጠየቁ። አንዳቸውም አያውቁኝም፤ ግን ወገን ናቸው። «ጌታሁን? ያ ረጅሙ? ሄዷል፤ መፋዛ ነው» አሉ። ረጅም አይደለሁም። መፋዛ ሄዱ። «ትናንት ነው የሄደው፤ ኒው ሀልፋ» ተባሉ። ኒው ሀልፋ ሲደርሱ፣ ሚስት አግብቶ ወደ ከሰላ ተሻገረ የሚል ተገኘ። የአውሮፕላኑ ቀን ደረሰ። አቤ በዚያው ካርቱም ገባ፤ ከካርቱም ወደ አገሩ። አደም እንዳለው አቤ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር፤ «ይህ ጌታሁን እንዴት ያለ ሠራተኛ ልጅ ነው! የማይሠራበት አገር የለም።»

ጃፓኖቹ የራሳቸውን ተራ ግን አላስቀሩም። በሚቀጥለው ክረምት አንድ መነጽር ያደረገ የጃፓን ተማሪ ጣቢያው መጣ። ሙላው እየሮጠ ገባ፤ «ጌታሁን፣ ልውውጥህ መጣ!» እትዬ ጥሩወርቅ አይተውት ደረታቸውን መቱ። «በዚህ ልጅ ፈንታ የመጣኸው አንተ ነህ? ምነው እንዲህ ከሳህ? ና ብላ!» ብለው አስቀመጡት። ለእኔ የሚቀርበውን ፉል ለእሱ ያቀርቡ ጀመር። ልውውጥ ማለት ይህ ከሆነ እኔ በሁለት በኩል ነው የተሰጠሁት።

ሕጋችን መጥፎ ነበር አልልህም። ስንቱን ከከሻ አድኗል። እኔን ከጃፓን ማዳኑ ግን ትንሽ በዛ።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ሄደ። የልውውጡ ተማሪ ጊዜውን ጨርሶ አገሩ ገባ። ሐጂ ኢድሪስ ሱቃቸውን ሸጠው ጎንደር ተመለሱ። ልውውጥ አይታመንም ሲለኝ የነበረው ሙላው በስደተኛ ኮታ ተመዝግቦ ካናዳ ገባ፤ ስሙን ሲጠሩት «አቤት!» ያለው ድምፅ እስከ ገበያው ተሰማ። እትዬ ጥሩወርቅን ልጃቸው አውስትራሊያ ወሰደቻቸው። አሁን እዚሁ ግቢ ሰው እየመጣ ስለ እነሱ ይጠይቀኛል። «ሄደዋል» እላለሁ። የሚያምነኝ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ከአንጋሬቡ ሥር የሚያይም አለ።

እውነቴን ነው። ሁሉም ሄደዋል። ሄዷል የተባልሁት እኔ አለሁ።