ሽማግሌ የቆረጠው የማግኔት ጉልበት

እስቲ ንገሩኝ፤ ሁለትና ሁለት አራት ነው የሚልና ስምንት ነው የሚል ቢጣሉ፣ ስድስት ብላችሁ ታስታርቃላችሁ? ቆቦ ላይ ይታረቃል።

አርባ ዓመት በሰው አገር ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ፣ አምና ወደ እህቴ ወደ ዘሃራ ተመለስኩ። ዘሃራ ሮቢት አጠገብ ሽንኩርት ታለማለች፤ ሌላው ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሷ በብረት ቧንቧ የተገጠገጠ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አላት። አንድ ቀን ፓምፑ ለጥገና ወጥቶ ሳለ ጠጋኞቹን ሠላሳ ኪሎ ብረት አመለጣቸውና እታች ገባ። ፓምፑ መመለሻ አጣ። ሽንኩርቱ በሳምንት ውኃ ካላገኘ አለቀለት።

ወርቁ የሚባል የቆቦ በያጅ አወጣዋለሁ ብሎ መጣ። በብረት ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ማግኔት ሠራ። ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ሰማንያ ኪሎ ብረት ብድግ አደረገ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ጠየቅሁት፤ እዚህ ብረቱ ተለጥፎበታል፣ እታች መሃላቸው ስንት ጣት ደለል አለ? ሁለት ጣት ይሆናል አለ። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። የሽቦውን ዙር ቆጥሬ፣ ኤሌክትሪኩን ለክቼ፣ ሦስት ገጽ አሰላሁ። አራት ኪሎ! ከዚያ በላይ አያነሳም። ነገርኩት።

«እትዬ፣ ማግኔት ደብተር አያነብም» ብሎ አሳቀብኝ።

ተሰዳደብን። የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም። ሽማግሌ ተጠራ። ሸህ እንድሪስ ሁለታችንንም በትዕግሥት አደመጡ። ሁለቱም አዋቂ ናቸው፣ አንዳቸውም ማፈር የለባቸውም አሉ።

«እሱ ከሰማንያው ይውረድ፣ አንቺም ልጅ ከአራቱ ከፍ በይ። አርባ ይሁን።»

አርባ ከሠላሳ ይበልጣላ! ብረቱ በእርቅ ወጣ ማለት ነው። እጅ ተዘረጋ፣ ዱዓ ተደረገ። እኛ ዘንድ ከዱዓ በኋላ መከራከር ነውር ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሴትዮ አሚን አልኩ።

ማግኔቱ ወረደ። ታች ሳይደርስ የጉድጓዱን የብረት ግድግዳ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ኤሌክትሪኩን አጥፉት ብዬ ስጮህ አምስት ጎረምሳ ገመዱን ይጎትታል። ገመዱ ተበጠሰ። ወርቁ ያኔ ደንግጦ አጠፋው፤ ማግኔቱም ቁልቁል ሄዶ ከብረቱ ላይ ተሰነቀረ። እርቅ ደም ያደርቅ ይባላል። የእኛው ጉድጓድ አደረቀ። ሽንኩርቱ እማሳው ላይ ነደደ።

አሁን ሸህ እንድሪስ ሽማግሌ ይዘው ደጄ ተመላልሰዋል። ዘሃራ የአላህ ሥራ ነው ብላ ይቅር ብላለች። እኔ እምቢ ስል ጊዜ ሸሁ ዘዴ አላጡም፤ ሙሉውን ባይሆን ግማሹን ይቅር በይ አሉኝ።

ሩቡንም አልልም። ሸሁን፣ ወርቁን፣ ይቅር ያለችውን ዘሃራን፣ አሚን ያልኩትን እኔን፤ ማንንም ይቅር አልልም።