የዕድሩ ድንኳን እኔ ቤት

ጠባብ ቤት ያለው ሰው ቦታ እንጂ ምክር አይቸግረውም። የሥራ ባልደረባው ይመክረዋል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይመክረዋል፣ ስልኩን ከከፈተ ደግሞ የማያውቃቸው ሴቶች ፈገግ እያሉ ይመክሩታል። አልጋህን ከፍ አድርገህ ከሥሩ አስቀምጥ፣ ግድግዳህ ላይ መደርደሪያ ስቀል፣ ዓመት ሙሉ ያልነካኸውን ዕቃ ለሰው ስጥ። እኔም አንድ ሰሞን እነዚህን ቪዲዮዎች ጠዋት ማታ አያቸው ነበር። ከነዚያ ሁሉ ጠቢባን አንዷ እንኳ የለቅሶ ድንኳን የት እንደሚቀመጥ አልነገረችኝም።

አዎ፣ የለቅሶ ድንኳን። ከነብረቱ፣ ከነገመዱ፣ ከነአቧራው።

የምኖረው ለሚ ኩራ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ ስቱዲዮ በምትባል አንዲት ክፍል ውስጥ። ስቱዲዮ ማለት መኝታ ቤቱ፣ ሳሎኑና ማድ ቤቱ ቢጣሉ እንኳ ተኳርፈው ዞር የሚሉበት ጥግ የሌላቸው ቤት ማለት ነው። ቢሆንም ለእኔ ትበቃኝ ነበር። ጠዋት አትላስ አካባቢ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ጉንጩን ይዞ ለሚያቃስት ሰው ሁሉ ካርድ ሳወጣ እውላለሁ፣ ማታ መጥቼ እተኛለሁ። ምን ጎደለኝ?

ምንም እንዳልጎደለኝ፣ እንዲያውም ቦታ እንደተረፈኝ የደረሱበት የብሎካችን ዕድር ሹማምንት ናቸው። አንድ እሑድ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ግዛው ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ዕቃ የምናስቀምጥበት የኮሚናል ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፣ ድንኳኑ ሊበሰብስ ነው አሉኝ። አንቺ ደግሞ ግራውንድ ላይ ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ እግዜር ቦታ ሰጥቶሻል፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ አሉኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ዕድርን እምቢ የሚል ማነው? ከአከራይ ጋር መከራከር ይቻላል፣ ከወረዳ ጋር መነታረክም ይቻላል። ዕድር ግን የመጨረሻዋን ቀን ተሸክሞኝ የሚሄድ ነው። ባልም ልጅም የሌላት ሴት ደግሞ ከተሸካሚዎቿ ጋር ባትቃቃር ይሻላታል። ግቡ አልኳቸው።

ገቡ። ከድንኳኑ ጋር ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ በሬ የሚቀቀልባቸው ሦስት ብረት ድስቶች፣ ሁለት ጆንያ ሙሉ ሳህንና ጆግም ገባ። ያቺ ሁለት ሳምንት ይኸው ሁለት ዓመት ሆናታለች። በአልጋዬና በዕቃው መካከል የቀረችኝ መንገድ በጎን ካልሆነ አታሳልፍም። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ስጪ የሚለው ምክርም ለእኔ አይሠራም፣ ምክንያቱም ዕቃው ይነካል። የሚነካው ሰው ሲሞት ነው።

ስለዚህ በእኛ ብሎክ ሰው ሲያርፍ ከቤተሰቡ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ። ገና ሳይነጋጋ በሬ ይንኳኳል፣ ጎረምሶች ገብተው እየተሸከሙ ያወጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ዕለት ከለቅሶው ደርሼ፣ ከልቤ አልቅሼ ስመለስ የወለሌን ሴራሚክ አየሁት። ቀለሙን ረስቼው ነበር። ጫማዬን አውልቄ መሀል ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩና እጄን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ፤ ምንም አልነካኝም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዓይኔ ከለቅሶው ገና እንዳበጠ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለን እናቴ ከደብረ ሲና ደወለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ሰውን በድምፁ ብቻ መለየት ከጀመረች ቆይታለች። ቀጠሮ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ወር ትገፈፋለች። ሐኪሙ ሁለት ወር ለክትትል አጠገባችን ትቆይ ብሎ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ፤ አቧራ እንዳይነካት። ቤቴ ገብቼ ድንኳኑን አየሁት። በለሚ ኩራ ግንባታ የማይካሄድበት ሰፈር የለም፣ ድንኳኑ ደግሞ ከየሰፈሩ አቧራ ድርሻውን ይዞ ነው የሚመለሰው።

የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ስለ እናቴ ዓይን፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ሁለቱ ሳምንት አስረዳሁ። አቶ ግዛው በጥሞና አዳመጡኝና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሰው ሁሉ በሩን በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ቤቷን ለዕድር የከፈተች እህት ስላለችን ልንኮራ ይገባል ብለው ጭብጨባ ጠየቁልኝ። ተጨበጨበልኝ፤ ምስጋናው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። የኮሚናሉን ጣሪያ የሚያጠና ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴ የሚለውን ስሰማ ተስፋዬን ቆርጬ ተቀመጥኩ።

አሁን የምናገረውን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ አበራ የሚባሉ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። በዚያው ሰሞን ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ ሐኪሞቹ ቤታቸው ሆነው ይረፉ ብለው መለሷቸው። ይህ አባባል በእኛ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሦስት ፎቅ ወጥቼ እንዴት አደሩ እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን አዝኜላቸው ነው፣ እምላለሁ። ሁለተኛውም ሳይሆን አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ግን ብርቱካን አንጠልጥዬ ደረጃውን ስወጣ ራሴን ስሌት ላይ ያዝኩት። እናቴ የምትመጣው ሐሙስ ነው፤ ድንኳኑ አንዴ ብቻ ከወጣልኝ በሬን ቆልፌ እጠፋለሁ፣ የሚመልሱበት ሲያጡ ሌላ ቤት ይፈልጉለታል። አንዲት መውጫ ብቻ ነው የምትበቃኝ እያልኩ ነበር።

ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። ቀስ በቀስ ነዋ፣ በካሬ ሜትር በካሬ ሜትር! የዚያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ከሲኤምሲ ጀምሮ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ዝንጅብል እንዳኝክ መከረችኝ። በማግስቱም ግን ደረጃውን ወጣሁ።

ሐሙስ እናቴ መጣች። በእጇ እየዳበሰች ገብታ ድስቶቹን ነካች፣ ሳህኖቹን አንቀጫቀጨች፣ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ተመስገን፣ ልጄ ንብረት አፍርተሻል አለችኝ። አሜን አልኳት። ለእሷ አልጋዬን ለቀቅሁላት፤ እኔ የታጠፈው ድንኳን ላይ አንሶላ አንጥፌ ተኛሁ። ሰኞ ዓይኗ ተገፈፈ፣ ማክሰኞ ፋሻው ተነሳ። በደስታ እያለቃቀስን ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆመችና በአዲሱ ዓይኗ ግራና ቀኝ ቃኘች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም እማዬ፤ ችግሩ እሱ ነው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ገሠጸችኝ። በግማሹ ቀልዴን ነበር።

ጋሽ አበራ ግን ምን ሆኑ? ዳኑ! መጀመሪያ አጥሚት ጠጡ፣ ቀጥሎ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሞቁ፣ አንድ እሑድ ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው ወርደው እናቴን እንኳን ለብርሃን አበቃዎት ሊሏት መጡ። የሚቀመጡበት ስላልነበረ የድንኳኑን ብረት ተደግፈው ቆሙ። እናቴን እያዩ ልጅዎን መርቁልኝ አሉ። የወለድኳቸው በሳምንት አንዴ ሲደውሉ ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሦስት ፎቅ ወጥታ እንዴት አደሩ ትለኝ ነበር፤ ሲጨንቀኝ ጠዋት ትመጣለች እያልኩ ነው የቆየሁት አሉ። እኔ የእግሬን ጣቶች እያየሁ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ግን የምትከፈት ባዶ መሬት ቤቴ ውስጥ የለችም።

ጋሽ አበራ ንግግራቸውን አልጨረሱም። ከዚህ አልጋ ከተነሳሁ በዚች ልጅ ስም ለዕድሩ አንድ ነገር አደርጋለሁ ብዬ ተስዬ ነበር አሉ። ሰው ለቅሶ ላይ አግዳሚ ላይ ወገቡ እየተቆረጠ ነውና ባለመደገፊያ ወንበር ገዝቻለሁ፣ አርባ። ከእሷ ቤት በቀር የትም እንዳይቀመጥ ለአቶ ግዛው ነግሬያቸዋለሁ አሉ። እናቴ እንዳታለቅስ የተከለከለችውን ዓይኗን ይዛ አለቀሰች። እኔ ዕድሜ ይስጥልኝ አልኩ። የሚገርመው ከልቤ ነበር።

ወንበሮቹ ቅዳሜ መጡ፤ እየተነባበሩ ኮርኒሱን ነኩ። በዚያ ሁሉ መጎተት የተነሳው አቧራ እሑድ ጠዋት የእናቴን ዓይን አቀላው። ሰኞ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለክትትሉ ከደብረ ሲና እየተመላለስኩ እታያለሁ አለችኝ። ቤትሽ ሙሉ ነው ልጄ፣ ሲጎድል እመጣለሁ አለች። ወዲያው የተናገረችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

መኪና አሳፍሬያት ስመለስ አቶ ግዛው ወንበሮቹን ቆጥሬ እንድፈርም ወረቀት ልከውልኝ ነበር። ቆጠርኳቸው። አርባ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። እናቴን የማስቀምጥበት ግን አጣሁ።