የትኛው ከበበ?

የእድሩ ጸሐፊ ኃይሉ ሲደውል ሰርክ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ዳር ባለችው የጽሕፈት ሱቋ ውስጥ የሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እያነሳች ነበር።

«ከበበ በዳዳ አረፉ። ማስታወቂያውን ቶሎ ጻፊልን» አላት።

ከአፏ መጀመሪያ የወጣው «ውይ!» አልነበረም። «የትኛው?» አለች።

«የትኛው ትያለሽ እንዴ! የእኛው ነዋ፣ ቆጣሪው!»

በሰርክ አይፈረድም። ዘመድ ቆጣሪ የሌለው ሰፈር የለም። ሰላምታህን ሳይመልስ «የማን ልጅ ነህ?» ይልሃል፤ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ትቶ አማቾቹን ይመረምራል። የፈረንሳይ ሰፈር ዘመድ ቆጣሪ ክቡር አቶ ከበበ በዳዳ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው በጡረታ ቢገለሉም ሙያቸውን አልተዉም፤ የሚቆጥሩትን ለወጡ እንጂ። በ2003 ዓ.ም. ሰርክ ፌስቡክ የሚባል ነገር አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሱቋ የእሷ መሆኗ ቀረ።

«የበዳዳ ዘር» የሚል ግሩፕ ተከፈተ። የአባቱ ስም በዳዳ የሆነ ሁሉ ዘመድ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሐዋሳና ከአዳማ ሳይቀር አራት ሌሎች ከበበ በዳዳዎች ተገኙ። «ደም ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም» ይላሉ፣ ከትንሿ ጣታቸው ጀምረው አንጓቸውን በአውራ ጣት እየቆጠሩ። እሳቸው ያዛሉ፣ ሰርክ ትጽፋለች። የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ብቻ «ዞር በይ ልጄ» ይሏትና በአንድ ጣት ፊደል ሲለቅሙ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ሰው ነበር። የአባታቸው ታናሽ ወንድም ሊሊሳ በልጅነቱ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ አንድ ቄስ ቤት አደረ፤ አልተመለሰም። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «የሊሊሳን ቤት ፈልግ» ብለው አደራ ጣሉባቸው።

ለይኩን ወልደ ኢየሱስ የሚባል ሰው ግሩፑ ውስጥ ልግባ ሲል ጋሽ ከበበ አንጓቸውን ሁለት ዙር ቆጠሩና አጡት።

«ወልደ ኢየሱስ የሚባል በቤታችን የለም። ሰርዢው!»

«ቢገባ ምናለበት ጋሼ? ከበበ የተባለውን ሁሉ አስገብተው የለ?»

«ዘመድ ታክሲ መሰለሽ? የተሰለፈ ሁሉ ይገባበታል?»

ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። በአራተኛው ስሙን ደግመው አነበቡት። «ይቺ ትቆይ፣ ላስብባት» አሉ። በሳምንቱ አረፉ።

ለቅሶው ግራ የገባው ለቅሶ ሆነ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ሁሉ የሐዋሳው ከበበ ገጽ ላይ ተጻፈ። ሰውየው «አለሁ፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። የአዳማው በአካል መጣና ድንኳኑ በር ላይ «ከበበ በዳዳ ነኝ» ቢል ሴቶቹ እንደ አዲስ ጮኹ።

በሠልስቱ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሰርክ አጠገብ ተቀመጡ።

«ለይኩን ነኝ። ያልገባሁት» አሉ። ቀጥለውም «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ሰርክ እጃቸውን አየች። አውራ ጣታቸው ከትንሿ ጣት ጀምሮ አንጓ ይቆጥራል።

«አባትዎ… ሌላ ስም ነበራቸው?»

«ወልደ ኢየሱስ እንጦጦ ያሳደጉት ቄስ ያወጡለት የክርስትና ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ሊሊሳ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም!»

«መታወቂያዬ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ይህን ሰው አልጠየቀም። ሰርክ ልትነግራቸው ፈልጋ ወደ ጋሽ ከበበ ወንበር ዞረች፤ የአዳማው ከበበ ተቀምጦበታል።

ማታውኑ የጋሽ ከበበ ልጅ ታደለች የዘር ሐረጉን ትልቅ ወረቀት አመጣችላት። ሰርክ ከሊሊሳ ሥር «ለይኩን» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል ጥግ ላይ፣ ከማንም ጋር በመስመር ሳይያያዝ፣ የራሷን ስም አገኘች። «ሰርክ፦ በየት በኩል እንደሆነ ገና አልተገኘም፤ ግን የእኛ ናት» ይላል፣ በጋሽ ከበበ የተንጋደደ ጽሕፈት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ወረቀቱ ተስተካክሏል። ግሩፑን የሚከፍተውን ቃል ግን የምታውቀው ያቺ አንድ ጣት ብቻ ነበረች። የለይኩን አራተኛ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።